302 ቀን የተጓዘ ዜና

ስለ አየር ንብረት ለውጥና ስለ ውሃ እጥረት የሚዘግቡ ጋዜጠኞችን ማሠልጠን በሀገራችን እንግዳ ነገር መሆኑ ከቀረ ቆይቷል። አንድ ድርጅት ገንዘብ ያገኛል፤ ባሕር ዳር ወይም አዳማ የሆቴል አዳራሽ ይከራያል፤ ጋዜጠኛው ሁለት ቀን ተቀምጦ ስለ በካይ ጋዞች ይሰማል፤ ውሎ አበሉን ተቀብሎ፣ የቡድን ፎቶግራፍ ተነሥቶ ወደ ሥራው ይመለሳል። ከእንዲህ ያለው ሥልጠና የሚገኝ ጥቅም አለ። የአንድ ዓመት ድርቅ የአየር ሁኔታ እንጂ ብቻውን የአየር ንብረት ለውጥ ማስረጃ እንዳልሆነ፣ ስለ ለውጥ ለመናገር የ30 ዓመት ያህል መዝገብ ማገላበጥ እንደሚያሻ ማወቅ ቀላል ነገር አይደለም። የሚጎድለው ግን የራሳችን የድርቅ ዜና ታሪክ ነው። ይህን ታሪክ ያልተማረ ጋዜጠኛ፣ ሳያውቀው የቀድሞዎቹን ባለሥልጣናት ቃል በአዲስ ስም መልሶ ያሰማል ብዬ እሰጋለሁ።

የረኃባችንን ታሪክ ያጠኑ ምሁራን ከመዘገቧቸው ነገሮች አንዱን ላንሣ። በ1958 ዓ.ም. መጀመሪያ በወሎ ጠቅላይ ግዛት፣ በወረኢሉ አውራጃ፣ ረኃብ መግባቱን የአካባቢው ፖሊስ ዐወቀ። ወሬው በአንድ ወር ውስጥ ከአገር ግዛት ሚኒስቴር ደረሰ። ከሚኒስቴሩ ወደ ንጉሠ ነገሥቱ ጆሮ ለመድረስ ግን 302 ቀን ፈጀበት። ጃንሆይ ሰምተው ሚኒስቴሩ አንድ ነገር እንዲያደርግ ባዘዙ ጊዜ፣ ሚኒስቴሩ ያደረገው የሞቱት ሰዎች ስም ዝርዝር እንዲላክለት ወሎን መጠየቅ ነበር። አንባቢ ልብ ይበል፤ ከወረኢሉ አዲስ አበባ ያለውን ተራራና ገደል ዜናው በአንድ ወር ዘልቆታል፤ የታገደው አዲስ አበባ ውስጥ፣ ከአንዱ ቢሮ ወደ ሌላው ሲሻገር ነው። ያን ጊዜ አዲስ ዘመን ጋዜጣ ከተቋቋመ 25 ዓመት ሞልቶት ነበር። የሚጽፍ ሰው አልጠፋም፤ ማተሚያ ቤትም ነበር።

ሰባት ዓመት ቆይቶ የሆነውን ሁላችንም እናውቀዋለን። በ1965 ዓ.ም. የዩኒቨርሲቲ መምህራን ወሎ ሄደው ፎቶግራፍ አንሥተው መጡና በግቢያቸው አሳዩ። የሀገሩ ጋዜጣ ዝም ባለበት ሰዓት ጆናታን ዲምብልቢ የተባለው እንግሊዛዊ ጋዜጠኛ በጥቅምት 1966 ዓ.ም. የወሎን እልቂት ለሀገሩ ተመልካች አሳየ። ያው ፊልም በመስከረም 1 ቀን 1967 ዓ.ም. ምሽት፣ የቤተ መንግሥት ድግስ ምስል ተቀላቅሎበት፣ በኢትዮጵያ ቴሌቪዥን ታየ፤ በማግሥቱ ንጉሡ ወረዱ። አማርትያ ሴን የተባሉት ሕንዳዊ ሊቅ በኋላ እንዳሳዩት፣ በረኃቡ ወቅት ከወሎ ወደ አዲስ አበባና ወደ አስመራ እህል ይወጣ ነበር። ዝናቡ መቅረቱ እውነት ነው፤ ገበሬው የሞተው ግን መግዣ ስላጣና ጩኸቱን የሚያሰማለት ስላልነበረው ነው።

በድግሱ ምስል ዙፋን የገለበጠው ደርግ ከዚህ የተማረው መደበቅን ሆነ። በመስከረም 1977 ዓ.ም. የአብዮቱ 10ኛ ዓመትና የኢሠፓ ምሥረታ ሲከበር፣ ሰሜኑ እየረገፈ የውጭ ጋዜጠኛ ወደዚያ እንዳይሄድ ታግዶ ነበር። ማይክል በርክና ሞሐመድ አሚን ከኮረም የላኩት ዘገባ በቢቢሲ የታየው በዓሉ ካለፈ በኋላ፣ ጥቅምት 13 ቀን ነው።

በእነዚህ ዘመናት ሁሉ የባለሥልጣኑ መልስ አንድ ነበር፤ «ድርቅ ነው»። ዛሬ ደግሞ «የአየር ንብረት ለውጥ ነው» የሚል መልስ ተተክቷል። ለውጡ እውነት ነው፤ በዓለም ላይ ያመጡትም በአመዛኙ ባለጸጎቹ ሀገሮች መሆናቸው አያከራክርም። አቶ መለስ ዜናዊ በታኅሣሥ 2002 ዓ.ም. በኮፐንሃገን ጉባኤ የአፍሪካ ቃል አቀባይ ሆነው ይህንኑ ተከራከሩ። ከዚያ ጥቂት ወራት አስቀድሞ ግን መንግሥታቸው የፀረ ሽብርተኝነት አዋጅ ቁጥር 652/2001ን አውጥቶ ነበር፤ ስንት ጋዜጠኛ እንደታሰረበት አንባቢ ያስታውሳል። ለአፍሪካ የሚጮኽ መሪ፣ አፉ የተሸበበ የሀገር ቤት ጋዜጠኛ! አዋጁ በ2012 ዓ.ም. በሌላ ቢተካም፣ ሰማዩን መክሰስ መንግሥትን ከመጠየቅ ይልቅ ዛሬም ለጋዜጠኛው ይቀላል።

ነገሩን ወደ አንድ ስፍራ ወስደን እንየው። ጣራ ገዳም በደቡብ ጎንደር፣ በሊቦ ከምከም ወረዳ፣ ከአዲስ ዘመን ከተማ አጠገብ ይገኛል። (ከተማዋና ጋዜጣው ሞክሼ ናቸው፤ ጋዜጣው ሞክሼውን ስንት ጊዜ እንደጎበኘ ቢቆጠር ደግ ነበር።) ዙሪያው ሲመነጠር የገዳሙ ደን ቆሟል። የደን ተመራማሪው ዶክተር ዓለማየሁ ዋሴ ከሥራ ባልደረቦቻቸው ጋር በዚሁ በደቡብ ጎንደር 28 የቤተ ክርስቲያን ደኖችን አጥንተው 168 የዛፍና የቁጥቋጦ ዝርያዎች መዝግበዋል። ዙሪያው የተራቆተውና ደኑ የቆመው በአንድ ሰማይ፣ በአንድ ዝናብ ሥር ነው። ጋዜጠኛው ከዚህ ቢጀምር፣ ደኑን ማን እንደጠበቀው፣ በምን ሥርዓትና በምን ግዝት እንደጠበቀው፣ የተመነጠረውንስ በየትኛው የመሬት አዋጅ ዘመን ማን እንደመነጠረው ለመጠየቅ ይገደዳል።

ውሃውም እንዲሁ ነው። ርብና ጉማራ ከጉና ተራራ ተነሥተው የፎገራን ሜዳ አቋርጠው ጣና ይገባሉ። በ1998 ዓ.ም. ክረምት ፎገራንና ሊቦ ከምከምን ጎርፍ አጥለቀለቃቸው፤ በበጋ ግን የርብ ውሃ በሞተር ፓምፕ እየተሳበ ይመናመናል። ከዚያው ዞን ወደ ምሥራቅ ሲሄዱ ደግሞ እብናት፣ ስማዳና ሁለቱ ጋይንቶች በ1997 ዓ.ም. የተጀመረው የሴፍቲኔት እርዳታ ተቀባዮች ሆነዋል። ርብን ይገድባል፣ 234 ሚሊዮን ሜትር ኩብ ይይዛል፣ እስከ 20,000 ሄክታር ያጠጣል የተባለው ግድብ በ2000 ዓ.ም. ገደማ ተጀምሮ አሥር ዓመት ያህል ተጎተተ። ለዚህ መዘግየት ኤልኒኞ ተጠያቂ ሊሆን አይችልም። ለዚህ የሚያስፈልገው የሥራ ውል ማንበብ፣ በጀት መቁጠር፣ የላይኛው ገበሬ ሲያጠጣ ለታችኛው ምን እንደሚተርፍ ከሁለቱም አፍ መስማት ነው። በጣና ላይ ከ2004 ዓ.ም. መባቻ ጀምሮ የታወቀው እምቦጭም ቢሆን፣ በየዓመቱ ሕዝብ ወጥቶ ሲነቅል ፎቶግራፍ ተነሣ እንጂ፣ ከእርሻና ከከተማ ወደ ሐይቁ ስለሚወርደው ማዳበሪያና ፍሳሽ የተጻፈው ጥቂት ነው።

በክልሉ በ2015 ዓ.ም. ክረምት ጦርነት ከተነሣና በሐምሌ መጨረሻ የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ከታወጀ ወዲህ ጋዜጠኞች ታስረዋል፤ ኢንተርኔትም ለወራት ተቋርጧል። ስለዚህ ሥልጠና ስንል የሕግ ከለላንም ማለታችን ይሁን። መንገዱ ሰላም በሆነ ጊዜ ደግሞ ሠልጣኙን ከሆቴሉ አውጥቶ አንድ ዓመት ሙሉ ሊቦ ከምከም ማስቀመጥ ይሻላል፤ በነሐሴ ጎርፉን፣ በየካቲት ፓምፑን፣ በግንቦት ደግሞ ማድጋ ይዘው ከምንጩ ዳር ተራ የሚጠብቁትን ሴቶች ይይ። ውሎ አበሉም ለዚያ ይከፈለው።