ከሜልቦርን እስከ ቱሪን፦ የብስክሌት ጋላቢዎቻችን ረጅም መንገድ

ኢትዮጵያ ለመጀመሪያ ጊዜ ኦሊምፒክ የተካፈለችው እ.ኤ.አ. በ1956 በሜልቦርን ነው። የተሰለፈችውም በአትሌቲክስና በብስክሌት ብቻ ነበር። ዲሴምበር 7 ቀን 187 ኪሎ ሜትር ለሚሸፍነው የጎዳና ውድድር ከተሰለፉት መካከል ገረመው ደንቦባ ይገኝበታል። ጣሊያናዊው ኤርኮሌ ባልዲኒም እዚያው ነበር።

ወርቁን ባልዲኒ ወሰደ። በቀጣዩ ዓመት ፕሮፌሽናል ሆነ፤ በ1958 ደግሞ ጂሮ ዲታሊያንም የዓለም ሻምፒዮናንም አሸነፈ። ገረመው ከአራት ዓመት በኋላ በሮም ኦሊምፒክ እንደገና ሀገሩን ወክሎ ጋለበ። ባልዲኒ በእርግጥ ልዩ ተሰጥኦ የነበረው ሰው ነው። ይሁን እንጂ በጉልበት ከእሱ የሚያንስ ጣሊያናዊ ወጣት እንኳ ደመወዝ የሚከፍል ቡድን፣ ብስክሌት የሚጠግን መካኒክና ከዓመት ዓመት የማይቋረጥ ውድድር በገዛ ሀገሩ ያገኝ ነበር። በዚያን ጊዜ ኦሊምፒክ የአማተሮች መድረክ ነበር፤ ፕሮፌሽናል ጋላቢዎች የተፈቀደላቸው በ1996 አትላንታ ላይ ነው። አውሮፓዊው ከኦሊምፒክ ወደ ሙያው ሲሻገር፣ የእኛ ጋላቢ ከዚያ በላይ የሚወጣበት መሰላል አልነበረውም።

ችሎታው እንዳለ አስመራ ቀድማ አሳይታለች። የጣሊያን ቅኝ ገዢዎች ጥቁርና ነጭ አብረው እንዳይወዳደሩ ያደርጉ በነበረበት ዘመን፣ በ1939 ሁለቱም ወገኖች የተሰለፉበት ውድድር ተዘጋጀ። አሸናፊው ኤርትራዊው ገብረማርያም ገብሩ ሆነ።

መሰላሉ የተገኘው ከብዙ አሥርት ዓመታት በኋላ ነው። ዓለም አቀፉ የብስክሌት ማኅበር በስዊዘርላንዷ ኤግል የማሠልጠኛ ማዕከል ከፈተ፤ ቅርንጫፉንም በደቡብ አፍሪካ አቋቋመ። የመቀሌው ልጅ ጽጋቡ ግርማይ በ2012 ኤምቲኤን ኩቤካ ለተባለው የደቡብ አፍሪካ ቡድን ፈረመ። በ2016 በጣሊያኑ ላምፕሬ ሜሪዳ ማሊያ ቱር ደ ፍራንስን የጋለበ የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ሆነ።

እንደ ጽጋቡ ያለ ረዳት ጋላቢ ሥራው ከቴሌቪዥን ፊት የሚደበቅ ነው። ረዳት ጋላቢ ፍጥነቱን ቀንሶ ወደ ቡድኑ መኪና ይጠጋል፤ የውኃ ኮዳዎችን በማሊያው ኪስና በጀርባው አጭቆ፣ እየሮጠ ያለውን ጭፍራ እንደገና ይደርሳል። ነፋሱን በደረቱ ተቀብሎ መሪውን ከኋላው ይሸሽጋል። ከሌላው ጀርባ የሚጋልብ ጉልበቱን በብዙ ይቆጥባል፤ የተቆጠበውን የሚከፍለው ግን ከፊት ያለው ነው። ኮንትራቱም አጭር ነው። ጽጋቡ ከላምፕሬ በኋላ በባህሬን ሜሪዳ፣ በትሬክ ሴጋፍሬዶና በሚቸልተን ስኮት ተቀጥሮ ጋልቧል።

ኤርትራውያን ጎረቤቶቻችን ደግሞ ከፍ ብለው ወጡ። በ2015 ዳንኤል ተክለሃይማኖትና መርሃዊ ቅዱስ በቱር ደ ፍራንስ የጋለቡ የመጀመሪያዎቹ ጥቁር አፍሪካውያን ሆኑ። ዳንኤል በዚያው ውድድር የተራራ ንጉሥ የሚለብሰውን ነጠብጣብ ማሊያ አጠለቀ። በኤግል የሠለጠነው ቢንያም ግርማይ በ2022 ቤልጅየም ውስጥ ጌንት ቬቬልገምን አሸነፈ። በ2024 ቱሪን ላይ የቱር ደ ፍራንስን አንድ ቀን ውድድር ያሸነፈ የመጀመሪያው ጥቁር አፍሪካዊ ሆነ፤ ሁለት ድል ጨምሮም የነጥብ አሸናፊ የሚለብሰውን አረንጓዴ ማሊያ እንደወትሮው በፓሪስ ሳይሆን በዚያ ዓመት ቱሩ ባበቃባት ኒስ ለብሶ ጨረሰ።

በ2025 የዓለም ሻምፒዮና ለመጀመሪያ ጊዜ አፍሪካ ውስጥ፣ በኪጋሊ ተካሄደ። የመቀሌና የአዲስ አበባ ታዳጊዎች ከጽጋቡ ቀጥሎ እንዲወጡ የመሰላሉ የመጀመሪያ እርከን እዚሁ ሀገር ቤት መተከል አለበት፦ የታዳጊ ክለብ፣ የተሟላ ብስክሌትና በየወሩ የማይታጠፍ ውድድር።