ፊደል ከቆጠሩ በኋላስ? ከ1971ዱ ዘመቻ እስከ ቦሌ አራብሳ

ስለ ድህነት ቅነሳ በሚጻፉ ሰነዶች ሁሉ የጎልማሶች ትምህርት በመጨረሻው ገጽ እንደ ማሟያ ይጠቀሳል። ጉዳዩ ግን አዲስ አይደለም። በ1948 ዓ.ም. የወጣው የንጉሠ ነገሥቱ ዐዋጅ ዕድሜያቸው ከ18 እስከ 50 ዓመት የሆኑ ያልተማሩ ዜጎች በትርፍ ጊዜያቸው ማንበብና መጻፍ እንዲማሩ ጠርቶ ነበር። እ.ኤ.አ. ከ1968 ጀምሮም ዩኔስኮ በ11 አገሮች በሞከረው ፕሮግራም ኢትዮጵያ ተካፍላለች፤ የፕሮግራሙ ሐሳብ ፊደልን ከሥራ ጋር አጣምሮ ማስተማር ነበር።

ትልቁ ሙከራ እንግዲህ በሐምሌ 1971 ዓ.ም. የተጀመረው የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ነው። በአምስት ቋንቋዎች ተጀምሮ 15 ደረሰ፤ እ.ኤ.አ. በ1980ም ዓለም አቀፍ የንባብ ሽልማት አስገኘ። ስለ ደርግ ያለን ፍርድ ምንም ይሁን ምን (የእኔም ለስላሳ አይደለም) ይህን መካድ አይገባም። ዘመቻው በከተማ የሠመረው ከአራት ዓመት በፊት፣ በአዋጅ ቁጥር 47/1967 በተቋቋሙት ቀበሌዎች ምክንያት ይመስለኛል። አዳራሹ ቅርብ፣ አስተማሪው የጎረቤት ልጅ፣ የቀረው ሰው ደግሞ በስም የሚታወቅ ነበር። ግዴታው ከብዶ የተማረረ ሰውም አልጠፋም። እናቴ ፊደል የቆጠሩት በዚያ ዘመን ነው፤ እስከ ዛሬ የመብራት ደረሰኝ ራሳቸው ያነባሉ፤ ከዚያ ያለፈ ንባብ ግን ሕይወታቸው ጠይቋቸው አያውቅም።

የዘመቻው ድክመትም እዚሁ ላይ ነበር። ፊደል የቆጠረው ሰው በማግስቱ የሚያነበው፣ የሚያሰላው፣ ገቢውን የሚያሻሽልበት ነገር በእጁ ካልገባ የተማረውን ይረሳል። ይኸው ትምህርት በ2000 ዓ.ም. በወጣው ብሔራዊ የጎልማሶች ትምህርት ስትራቴጂ ተግባር ተኮር ትምህርት በሚል ስም በወረቀት ሰፍሯል።

ወደ ምሥራቅ አዲስ አበባ እንመለስ። አያት፣ ሰሚት፣ ቦሌ አራብሳ የሚባሉት ሰፈሮች በ1990ዎቹ መጨረሻና ከዚያም ወዲህ በጋራ መኖሪያ ቤቶች የተሞሉ ናቸው። ከመሀል ከተማ ተነሥቶ እዚያ የገባው ድሃ ቤት አገኘ፤ ዕድሩንና ዕቁቡን ግን አጣ፣ ወይም በሁለት ታክሲ ርቀት ተወው። በቦሌ ሕንፃዎች የጽዳትና የቀን ሥራ የሚሠራው ሰው ሌሊት ወጥቶ ማታ ሲመለስ የትምህርቱ ሰዓት አልፎታል። የ1971ዱን ዘመቻ የተሸከመው ጉርብትና ሳይኖር የ1971ዱን መርሐ ግብር መድገም ከንቱ ድካም ነው።

ዛሬ ደግሞ የማያነብ ሰው የሚከፍለው ዋጋ ከድሮው በዝቷል። ቴሌብር ከ2013 ዓ.ም. ወዲህ በየሱቁ ገብቷል፤ ማንበብ የማይችል ሰው ምስጢር ቁጥሩን ለሌላ ሰው እጅ አሳልፎ ሊሰጥ ይገደዳል። የኮንዶሚኒየም የባንክ ብድር ውልም ሳይነበብ በጣት አሻራ ይፈረማል። በእኔ አስተያየት ትምህርቱ መጀመር ያለበት ከሀሁ ሠንጠረዥ ሳይሆን ከዚህ ውል፣ ከዚህ ስልክና ከዕድሩ የሒሳብ መዝገብ ነው። ሰዓቱም ዕድርተኛው በሚሰበሰብበት እሑድ ይሁን። አዲሶቹ ሰፈሮች ዕድር እያቋቋሙ ነውና፣ የክፍለ ከተማው ትምህርት ጽሕፈት ቤት አስተማሪውን ወደዚያ ቢልክ ተማሪው በአንድ ቦታ ተሰብስቦ ይጠብቀዋል።