ከዕቃ ቤት እስከ ንባብ ቤት፦ የሕዝብ ቤተ መጻሕፍት በታሪካችን



ስለ ቤተ መጻሕፍት ስንነጋገር ብዙውን ጊዜ የምናስቀድመው ጥያቄ «ስንት መጻሕፍት አሉት?» የሚለው ነው። እኔ ዛሬ ሌላ ጥያቄ ላስቀድም እወዳለሁ፤ ይኸውም «በሩ ለማን ይከፈታል?» የሚል ነው። ቤተ መጻሕፍት ለማኅበረሰቡ ያለው ዋጋ ከመጻሕፍቱ ብዛት ይልቅ በዚህ ጥያቄ መልስ ይለካል ብዬ አምናለሁ፤ የሀገራችን ታሪክም ይህን ያስረዳል።

መጽሐፍ መሰብሰብ ለእኛ አዲስ ነገር አይደለም። በየገዳማቱና በየአድባራቱ የብራና መጻሕፍት ከንዋየ ቅድሳት ጋር በዕቃ ቤት ተጠብቀው ለዘመናት ኖረዋል። በብዙዎቹ ላይም መጽሐፉን የሰረቀውን ወይም የፋቀውን የሚያወግዝ የግዝት ቃል ተጽፎ እናገኛለን። ይህን ግዝት እንደ ንፍገት ልንቆጥረው አይገባም። አንድ መጽሐፍ እስኪወጣ ድረስ ቆዳ ይፋቃል፣ ቀለም ይበጠበጣል፣ ጸሐፊው ወራትን ይደክማል። እንዲህ ያለውን ሀብት መጠበቅ ግድ ነበር። ሆኖም ጥበቃው መጽሐፉን ከሌባ ብቻ ሳይሆን ከአብዛኛው ሕዝብም ለይቶት ኖሯል።

በ19ኛው መቶ ዓመት ከታዩት ስብስቦች ትልቁ ዐፄ ቴዎድሮስ በመቅደላ ያከማቹት ነው። ሊያሠሩት ላሰቡት የመድኃኔ ዓለም ቤተ ክርስቲያን አንድ ሺህ የሚጠጉ መጻሕፍት አሰባስበው ነበር። ሚያዝያ 6 ቀን 1860 ዓ.ም. ንጉሡ ራሳቸውን ከሠዉ በኋላ የእንግሊዝ ጦር አምባውን ዘረፈ። ዘረፋውን ለማጓጓዝ 15 ዝሆኖችና 200 ያህል በቅሎዎች እንዳስፈለጉ ተጽፏል። ከመጻሕፍቱ 350 የሚሆኑት ወደ እንግሊዝ ተወሰዱ፤ ዛሬም በለንደን በሚገኘው የብሪታንያ ቤተ መጻሕፍት ይጠበቃሉ። ስለዚህ ዝርፊያ የሚሰማን ቁጭት ተገቢ ነው። ከቁጭቱ ጎን ለጎን ግን አንድ ነገር ልናስተውል ይገባል፤ በአንድ አምባ፣ በአንድ ባለቤት እጅ የተከማቸ ሀብት በጥቂት ቀናት ውስጥ ተጭኖ ሊሄድ ይችላል። ብዙ ሰው ያነበበውን ግን ጭኖ የሚሄድ የለም።

የበሩ ታሪክ መለወጥ የጀመረው ጣሊያን ከወጣ ከሦስት ዓመት በኋላ ነው። በ1936 ዓ.ም. በአዲስ አበባ ለሕዝብ የተከፈተው ቤተ መጻሕፍት የዛሬው ብሔራዊ ቤተ መዛግብትና ቤተ መጻሕፍት መነሻ ሆነ። ጠላት የተማረውን ወጣት እየለየ በገደለባት ከተማ፣ ማንኛውም አንባቢ ገብቶ የሚቀመጥበት አዳራሽ መከፈቱ ቀላል ነገር አልነበረም። በኋላ ተቋሙ ኃላፊነቱ እየሰፋ ሄዷል፤ በአዋጅ ቁጥር 179/1991 እንደገና ሲቋቋምም የሀገሪቱን መዛግብት የመጠበቅ አደራ ጭምር ተረክቧል። ሕዝቡ ግን ዛሬም «ወመዘክር» ነው የሚለው። «ቤተ መጻሕፍት ወመዘክር» ከሚለው የግእዝ ስም የፊተኛውን ትቶ የኋለኛውን፣ «ወ» የሚለውን ማያያዣ እንኳ ሳይለይ፣ የቤቱ መጠሪያ አድርጎታል። ሕዝብ ስም የሚያሳጥረው ለሚመላለስበት ቤት ነው።

ይህ በር ግን የተከፈተው ማንበብ ለሚችለው የከተማ ሰው ነበር። የቀረው ሕዝብ ተራ የደረሰው ሐምሌ 1971 ዓ.ም. በተጀመረው ብሔራዊ የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ነው። ዘመቻው ከጊዜ በኋላ በ15 ቋንቋዎች የተካሄደ ሲሆን፣ በ1972 ዓ.ም. ዓለም አቀፍ ሽልማት አስገኝቷል። በዚያ ጊዜ አዘጋጆቹ የተረዱት አንድ ቁም ነገር አለ። ፊደል የቆጠረ ገበሬ የሚያነበው ካጣ የተማረውን መልሶ ይረሳዋል። ስለዚህ በየገበሬ ማኅበሩ ንባብ ቤቶች ተከፈቱ፤ ስለ እርሻ፣ ስለ ጤናና ስለ ንጽሕና የተጻፉ ቀላል መጻሕፍትም ገቡባቸው። የመንግሥቱ የፖለቲካ ስብከት አብሮ መግባቱ የሚካድ አይደለም። ብዙዎቹ ንባብ ቤቶችም ከሥርዓቱ ጋር አልዘለቁም። ሐሳቡ ግን ትክክል ነበር፦ ማንበብን ማስተማርና የሚነበብበትን ቤት መክፈት አይነጣጠሉም።

እዚህ ላይ አንድ ተቃውሞ ሊነሣ እንደሚችል አውቃለሁ። ዛሬ በከተሞቻችን ባሉ የንባብ አዳራሾች፣ በ2014 ዓ.ም. በአራት ኪሎ በተከፈተው አብርሆትም ቢሆን፣ ከሚቀመጡት ወጣቶች ብዙዎቹ የራሳቸውን ደብተር ይዘው የሚገቡ ናቸው። «ይህማ ማጥኛ ክፍል እንጂ ቤተ መጻሕፍት አይደለም» ሲባል ደጋግሜ ሰምቻለሁ። እኔ በዚህ አልስማማም። ስድስት ሰባት ቤተሰብ በአንድ ክፍል በሚኖርበት፣ መብራት በሚጠፋበት ቤት ላደገ ልጅ ጠረጴዛ፣ ብርሃንና ጸጥታ ራሳቸው ትልቅ ሀብት ናቸው። ያ ልጅ በመጀመሪያው ዓመት መቀመጫውን ብቻ ፈልጎ ይመጣ ይሆናል፤ መደርደሪያው ግን ከአጠገቡ አለ። አንድ ቀን እጁን ይዘረጋል። እጁን ባይዘረጋ እንኳ በከተማው ውስጥ ገንዘብ ሳይጠየቅ፣ «የማን ልጅ ነህ?» ሳይባል የሚቀመጥበት ቤት አግኝቷል። እንዲህ ያለ ቤት ስንት አለን?

ንግግሬን የምቋጨው ወደ ራሳችን በመመለስ ነው። የዩኒቨርሲቲያችን ቤተ መጻሕፍት በር የሚከፈተው መታወቂያ ላለው ነው። ምክንያቱን እረዳለሁ፤ መጻሕፍቱ ውድ ናቸው፣ ወንበሩም ለተማሪዎቻችን እንኳ አይበቃም። የዕቃ ቤት ጠባቂዎቹም በቂ ምክንያት ነበራቸው። ይሁን እንጂ በክረምት፣ አዳራሻችን ባዶ ሆኖ ሳለ፣ የሰፈሩ የሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎች አጥራችንን ተደግፈው ሲያጠኑ አያለሁ። ቢያንስ በእነዚያ ወራት አንዱን የንባብ አዳራሽ ብንከፍትላቸው የምናጣው ጥቂት ነው። ይህ ጉዳይ ለመምህራን ጉባኤያችን ቀርቦ እንዲመከርበት በዚህ መድረክ አሳስባለሁ።