ደላላ የማያስፈልገው ቪዛ

ባለፈው ክረምት የአክስቴ ልጅ አንድ ወረቀት ይዞ ቤቴ መጣ፡፡ «ወርኪንግ ሆሊዴይ፤ አውስትራሊያ እየሠሩ አንድ ዓመት መዝናናት» ይላል፡፡ ደላላው የጠየቀው ገንዘብ እናቱ ከዕቁብ ከሚደርሳቸው ይበልጣል፡፡ ፓስፖርቱንም አስቀድሞ ተቀብሎታል፡፡

«ጋሼ፣ አንተ ጋዜጠኛ ነህ፤ ነገሩ እውነት ነው?» አለኝ፡፡

ቪዛውስ እውነት ነው፡፡ አውስትራሊያ የጀመረችው እ.ኤ.አ. በ1975 ነው፡፡ ከመጀመሪያዎቹ ተጠቃሚዎች መካከል የብሪታንያና የካናዳ ወጣቶች ነበሩበት፤ ጃፓን በ1980፣ ደቡብ ኮርያ በ1995 ተከተሉ፡፡ ሐሳቡ ቀላል ነው፡፡ ሁለት መንግሥታት ይስማማሉ፤ የአንዱ ወጣት የሌላውን አገር እየዞረ ያያል፤ ስንቁ ሲያልቅ ፍሬ ለቅሞ፣ ሳህን አጥቦ መንገዱን ይቀጥላል፡፡

ማመልከቻውን የሚሞላው ወጣቱ ራሱ ነው፡፡ አስቀድሞ የሚቀጥረው አሠሪም ሆነ የሚጠራው ዘመድ አያስፈልገውም፡፡ ዕድሜው ባብዛኛው ከ18 እስከ 30፣ ለጥቂት አገሮች እስከ 35 ይፈቀዳል፤ መቋቋሚያ የሚሆን 5,000 የአውስትራሊያ ዶላር ያህል መያዙንም ያሳያል፡፡ በ2005 ደግሞ ከከተማ ርቆ ሦስት ወር በእርሻ ለሠራ ሰው ሁለተኛ ዓመት ተጨመረ፡፡ ሽርሽር የነበረው ነገር ለአዝመራ ጉልበት መሰብሰቢያም ሆነ፡፡

አንድ ነገር ግን አመልካቹ በራሱ ጥረት አያሟላውም፤ አገሩ ተስማምታ መዝገቡ ላይ መስፈር አለባት፡፡ ከልጁ ጋር ሆነን መዝገቡን ከላይ እስከ ታች አነበብነው፡፡ ኢትዮጵያ የለችም፡፡ ከአፍሪካም አንድ አገር የለም፡፡ እስራኤል ግን አለች፡፡ እንግዲህ ጎንደር ተወልዶ እስራኤል ያደገ ወጣት፣ ሌላውን መስፈርት ካሟላ፣ ማመልከት ይችላል፤ ጎንደር የቀረው የአጎቱ ልጅ አይችልም፡፡

«ለእኛስ ምን ቀረልን?» አለ ልጁ፡፡

መልስ አጣሁ፡፡ ወደ ቤይሩትና ወደ ሪያድ የሄዱት እህቶቻችን ትዝ አሉኝ፡፡ እነሱም ሳህን ያጥባሉ፡፡ ነገር ግን የመኖሪያ ፈቃዳቸው ከአሠሪያቸው ጋር የታሰረ በመሆኑ፣ በደል በዝቶባት ከቤት የወጣች ልጅ በማግስቱ ሕገ ወጥ ተብላ ልትያዝ ትችላለች፡፡ የለንደኑ ወይም የቶኪዮው ወጣት አለቃው ካልተስማማው ሻንጣውን አንሥቶ ሌላ እርሻ ይሄዳል፡፡ ሥራው ያው ሥራ ነው፡፡ የለያያቸው መንግሥታት ስለ ዜጎቻቸው የተፈራረሙት ወረቀት ነው፤ አንደኛው ወጣቱን እንደ እንግዳ ሲቀበል፣ ሌላው ሠራተኛዋን ለአሠሪ ያስረክባል፡፡

ይህን ደላላ አያስተካክለውም፡፡ በኢትዮጵያ ፓስፖርት ይህን ቪዛ አወጣለሁ የሚል ሰው የሚሸጠው የሌለ ነገር ነው፡፡

ልጁ በማግስቱ ሄዶ ፓስፖርቱን አስመለሰ፡፡ የእናቱም ዕቁብ ተረፈ፡፡ ወረቀቱን ግን እኔ ዘንድ ትቶት ሄደ፤ እስካሁን ከጠረጴዛዬ ላይ አላነሣሁትም፡፡