ካስቀመጡት በላይ ስለ ማውጣት፤ የስኮትላንድ ባንኮች ለማን ያበድሩ ነበር?

አንድ ደንበኛ በተንቀሳቃሽ ሒሳቡ ካለው ገንዘብ በላይ ለአጭር ጊዜ እንዲያወጣ የሚፈቅድለት ብድር ኦቨርድራፍት ይባላል። በዚህ ብድር የሚጠቀም ነጋዴ ብዙ ነው፤ ከየት እንደ መጣና በመጀመሪያው ዘመን ለማን ይሰጥ እንደ ነበረ ግን እምብዛም አይጠየቅም። እኛም በዚህ አጭር ጽሑፍ የብድሩን መነሻ ከስኮትላንድ ታሪክ ፈልገን፣ ባንኮች አንዱን ተቀብለው ሌላውን ሲመልሱ ሰውን በምን ይመዝኑት እንደ ነበረ ለመመርመር እንሞክራለን። የምንጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

በኤዲንብራ ከተማ በ1695 የተቋቋመው ባንክ ኦፍ ስኮትላንድ ለብዙ ጊዜ ያለ ተወዳዳሪ ሲሠራ ከቆየ በኋላ፣ በ1727 ሮያል ባንክ ኦፍ ስኮትላንድ በንጉሥ ፈቃድ ተቋቋመ። በሚቀጥለው ዓመት፣ በ1728፣ ዊልያም ሆግ የሚባል የኤዲንብራ ነጋዴ ለአዲሱ ባንክ ችግሩን አመለከተ። ሰውየው ንብረት ያጣ አልነበረም። ችግሩ የቀን አለመገጣጠም ነበር፤ ይኸውም ዕቃ የወሰዱበት ሰዎች ገንዘቡን ሳይከፍሉት እርሱ ለሌሎች የሚከፍልበት ቀን ይደርስበት ነበር። ባንኩም ከሒሳቡ በላይ እስከ 1,000 ፓውንድ እንዲያወጣ ፈቀደለት። የዚህ ዓይነቱ ብድር ጥቅም፣ ተበዳሪው ወለድ የሚከፍለው በተፈቀደለት ገንዘብ ሁሉ ላይ ሳይሆን ባወጣው ልክና በእጁ በቆየበት ቀን ብቻ መሆኑ ነው።

እንግዲህ ለዚህ ብድር የሚበቃ ማን ነበር? የመጀመሪያው መመዘኛ ዋስ ነው። አዳም ስሚዝ በ1776 ባሳተመው በሕዝቦች ሀብት መጽሐፉ እንደሚያስረዳው፣ ተበዳሪው እምነት የሚጣልባቸውና ጥሩ ርስት ያላቸው ሁለት ዋሶች ማቅረብ ነበረበት። ዋሶቹም ፈርመው የሚለያዩ አልነበሩም። ዕዳው በእነርሱም ላይ ስለሚወድቅ የተበዳሪውን ሥራና ጠባይ ይከታተሉ ነበር፤ ሒሳቡንም ባንክ ሄደው የመመልከት መብት ነበራቸው። በ1826 የእንግሊዝ ፓርላማ የስኮትላንድን ባንኮች አሠራር ባስመረመረ ጊዜ ይህ የዋሶች ጥበቃ ጎልቶ ተነግሯል። ነገሩ ለአገራችን ሰው እንግዳ አይደለም፤ በዕቁብ ዕጣ የወጣለት ሰው ገንዘቡን ከመረከቡ በፊት ዋስ ይጠራ ዘንድ የሚጠየቀው በዚሁ ምክንያት ነው።

ሁለተኛው መመዘኛ የሒሳቡ እንቅስቃሴ ነው። ዋስ ያገኘ ሁሉ ብድሩን ይዞ ሊቀመጥ አይችልም ነበር። ስሚዝ እንደሚለው ባንኮቹ ከአራት እስከ ስምንት ወር ባለው ጊዜ ውስጥ ከደንበኛው የገባው ገንዘብ ከወጣው ጋር ይመጣጠን እንደ ሆነ ይመለከቱ ነበር። የባንኩንም ካዝና በአንድ በኩል ውሃ እየወጣበት በሌላ በኩል በሚገባበት ኩሬ ይመስለዋል፤ የሚገባው ካነሰ ኩሬው መድረቁ አይቀርም። ስለዚህ ባንክ ለነጋዴ የሚገባው ብድር፣ ነጋዴው ለድንገተኛ ክፍያ ብሎ ሥራ አስፈትቶ የሚያስቀምጠውን ያህል እንጂ የንግዱን ዋና ገንዘብ በሙሉ መሆን የለበትም ይላል።

ይህ ምክር ሲጣስ የሚደርሰውን ጉዳት የኤር ባንክ ታሪክ በግልጽ ያሳየናል። ዳግላስ ሄሮን ኩባንያ የሚባለው ይህ ባንክ በ1769 በኤር ከተማ ተቋቁሞ፣ ሌሎች ባንኮች እጃቸውን የሰበሰቡበትን ብድር በልግስና መስጠት ጀመረ። ከሰጠውም ውስጥ ብዙው ፍሬው ከብዙ ዓመት በኋላ ለሚገኝ ለመሬት ማሻሻያ የዋለ ነበር። በሰኔ ወር 1772 አሌክሳንደር ፎርዳይስ የሚሠራበት የሎንዶን ባንክ ሲወድቅ ድንጋጤው ወደ ስኮትላንድ ተሻገረ፤ የኤር ባንክም በዚያው ወር ክፍያ አቆመ። ባለ አክሲዮኖቹ በሀብታቸው ሁሉ ተጠያቂዎች ስለ ነበሩ ብዙዎቹ ርስታቸውን ለመሸጥ ተገደዱ። የስሚዝ ደቀ መዝሙር የነበረው የበክሉ መስፍንም ከባለ አክሲዮኖቹ አንዱ ነበር።

ነገር ግን የጥንቱን አሠራር ያለ ነቀፋ ማለፍ አይገባንም። ርስት ያላቸው ሁለት ዋሶች የሚያገኝ ሰው ቀድሞውኑ በታላላቆች ዘንድ የታወቀ ሰው ነው። ታታሪ ሆኖ ሳለ ወዳጅ ያላፈራ እንግዳ፣ ወይም ዘመዶቹ ሁሉ እንደ እርሱ ድኾች የሆኑበት ሰው፣ ሒሳቡ ሳይመረመር ገና ከበሩ ይመለስ ነበር።

በዘመናችን ግን ይህ በር በከፊል ተከፍቷል። በአገራችን በ2022 ቴሌብር ከዳሸን ባንክ ጋር ሆኖ ካቀረባቸው አገልግሎቶች አንዱ እንደኪሴ ይባላል፤ በስልክ ሒሳብ ያለው ገንዘብ ለክፍያ ሲያንስ የጎደለውን የሚሞላ ብድር ስለ ሆነ፣ በባሕርዩ የዊልያም ሆግ ብድር ታናሽ ወንድም ነው። ተበዳሪው የሚመዘነው ግን ርስት ያለው ዋስ በመጥራት ሳይሆን በአገልግሎቱ ሲጠቀም በቆየበት መዝገብ ነው። ከሁለቱ ጥንታዊ መመዘኛዎች ሁለተኛው ጸንቶ፣ የመጀመሪያው ቀርቷል ማለት ነው።

ከዚህ ሁሉ የምንደርስበት አሳብ የሚከተለው ነው። ዋስ ሁለት ሥራ ነበረው፤ የማይታወቀውን ያስቀር ነበር፣ የታወቀውን ደግሞ ከልክ እንዳያልፍ ይጠብቀው ነበር። የመጀመሪያው ሥራው ቢቀር የሚያሳዝን አይደለም። ሁለተኛው ግን ተተኪ ይፈልጋል፤ መዝገብ ሰው ያለፈውን ዕዳ እንደ ከፈለ ይናገራል እንጂ፣ ተበዳሪውን ቤቱ ድረስ ሄዶ «ይበቃሃል» አይለውም። ስለዚህ ያለ ዋስ የሚያበድር ባንክ ቀድሞ ዋሱ ያደርገው የነበረውን ጥበቃ በራሱ ላይ እንደ ወሰደ ሊያውቀው ይገባል እንላለን።