የተሰበረ መንጋጭላ ስንት ቀን ይጠብቃል?

ላስታ ውስጥ መንጋጭላ የሚሰብር ነገር ሞልቷል። ዱላ አለ፣ የበቅሎ ርግጫ አለ፣ ገደል አለ፤ በኋላ ደግሞ ባጃጅና አይሱዙ ተጨመሩበት። ጠፍቶ የኖረው ሐኪሙ ዘንድ የሚያደርሰው መንገድ ነው። ስለዚህ «የተሰበረ መንጋጭላ በስንት ሰዓት ውስጥ ይጠገን?» የሚለው የሐኪሞች ክርክር ከላሊበላ ሆነው ሲያዩት ትንሽ ያስቃል። እነሱ ስለ ሰዓት ይከራከራሉ፤ የላስታ ሰው የሚቆጥረው ግን ቀን ነው። እኛ ታሪኩን ገለጥ ገለጥ ስናደርገው ለዚህ ቀን ቆጣሪ የሚበጅ ነገር አገኘንበት።

ነገሩ ጥንታዊ ነው። ከ3,500 ዓመት በፊት ገደማ የተጻፈውና ዛሬ በኤድዊን ስሚዝ ስም የሚጠራው የግብፆች ፓፒረስ የወለቀ መንጋጭላ እንዴት እንደሚመለስ ያስተምራል። መንጋጭላው ተሰብሮ፣ ቆስሎና ትኩሳት ተነሥቶበት ከሆነ ግን እንደማይታከም ቆጥሮ ይተወዋል። ግሪካዊው ሂፖክራተስ ከሺህ ዓመት በኋላ መጥቶ የተሻለ ዘዴ አሳየ፤ አጥንቱን አቃንቶ፣ በስብራቱ ግራና ቀኝ ያሉትን ጥርሶች በወርቅ ሽቦ ወይም በክር እርስ በርስ ማሰር። በደንብ ከተያዘ በ20 ቀን ገደማ እንደሚገጥምም ጽፏል። ይህችን 20 ቀን ያዙልን፤ እንመለስባታለን።

እ.ኤ.አ. በሚያዝያ 1865፣ እኛ ዘንድ አፄ ቴዎድሮስ የእንግሊዝን ቆንስል አስረው በያዙበት ጊዜ፣ የአሜሪካው የውጭ ጉዳይ ሚኒስትር ዊሊያም ሲዋርድ ከሠረገላ ወድቀው መንጋጭላቸው ተሰበረ። ይህ ሳያንስ፣ ፕሬዚዳንት ሊንከን በተተኮሰባቸው ሌሊት ሌላ ሰው ሲዋርድ ቤት ገብቶ በተኙበት ፊታቸውን በጩቤ ሸረካከተው። በመጨረሻ ቶማስ ጋኒንግ የተባለ የጥርስ ሐኪም ከጠንካራ ጎማ መያዣ ሠርቶ አፋቸው ውስጥ አደረገላቸውና አጥንቱ ገጠመ። በዚያው ዘመን ዋግሹም ጎበዜ በሚገዙት ላስታ ያለው ጠጋኝ ወጌሻው ነበር። በ1860 ዓ.ም. የናፒየር ጦር ሐኪሞቹን አስከትሎ በላስታ በኩል ወደ መቅደላ ወጥቷል፤ አለፈ እንጂ አልቆየም።

ለምን ነበር ሐኪሞች የሚቻኮሉት? መንጋጭላ እንደ ክንድ አይደለም። ጥርስ ባለበት ቦታ ሲሰበር ድዱ አብሮ ይቀደዳል፤ ምራቁም ተሐዋስያኑን ይዞ ስብራቱ ውስጥ ይገባል። ፀረ ተሐዋስያን መድኃኒት ባልነበረበት ዘመን ይህ መግል፣ አጥንት መበስበስ፣ ብሎም ሞት ነበር። «በ24 ሰዓት»፣ «በ72 ሰዓት» የሚሉት የኋላ ሕጎችም ከዚሁ ፍርሃት የተወለዱ ናቸው። እ.ኤ.አ. ከ1940ዎቹ ወዲህ ፔኒሲሊን መጣ። በ1970ዎቹ ደግሞ ፈረንሳዮቹ ሚሽሌና ሻምፒ አጥንቱን በትንንሽ ብረትና ብሎን ማሰርን አስለመዱ። ከዚያ በፊት ታካሚው ላይኛውና ታችኛው ጥርሱ በሽቦ ተጠፍሮ ከአራት እስከ ስድስት ሳምንት አጥሚት ሲመጥ ይከርም ነበር፤ ዛሬም ብረቱ በሌለበት ይኸው ነው።

ዘመናዊ ሐኪም ወሎን ረግጦ አያውቅም ማለታችን አይደለም። ደሴ ላይ የአሜሪካ ሚሲዮን ሆስፒታል ነበር፤ ኅዳር 26 ቀን 1928 ዓ.ም. የፋሺስት አውሮፕላኖች ቦምብ ጣሉበት። የካቲት 25 ቀን ደግሞ ኮረም አጠገብ የሰፈረው የእንግሊዞቹ አምቡላንስ ተደበደበ። ላስታ ራሱ ግን ብዙ ጠብቋል። ከወልድያ ወረታ የሚዘልቀውን መንገድ ቻይናዎች የሠሩት በደርግ ዘመን ነው፤ ሰዉም «የቻይና መንገድ» ይለዋል። ከላሊበላ ተነሥቶ ጋሸና ላይ እሱን ለመያዝ 64 ኪሎ ሜትር ገደማ አለ። ከገጠሩ ላሊበላ ድረስ ያለው የቃሬዛ ጉዞ አልተቆጠረም።

አሁን ወደ ቁም ነገሩ። ባለፉት አሥርት ዓመታት የወጡ አብዛኞቹ ጥናቶች የሚሉት ይህን ነው፦ መድኃኒቱ በጊዜ ከተጀመረ፣ አፉ በጨው ውሃ ከጸዳና ስብራቱ ለጊዜው ከታሰረ፣ ጥቂት ቀን መዘግየቱ በራሱ ቁስሉን ያመረቅዛል ማለት አይደለም። ሲጋራ፣ መጠጥና የተበላሸ ጥርስ ይብሳሉ። ስለዚህ ሦስት ቀን ያለፈው ሰው «እንግዲህ አልፎብኛል» ብሎ ቤቱ የሚተኛበት ምክንያት የለም፤ አዲስ አበባ የካቲት 12 ሆስፒታል ድረስ እንኳ ቢሄድ ያዋጣዋል። የሚያሠጋው ሁለተኛው ሰዓት ነው፤ የሂፖክራተስ 20 ቀን። አጥንት ሐኪም አይጠብቅም። በሁለትና ሦስት ሳምንት ውስጥ ቀናም ተጣመመም ባለበት መያያዝ ይጀምራል፤ በሕፃናት ላይ ደግሞ ከዚያም ይፈጥናል።

ለሰዓት እንኳ የማይታገሥም አለ። አገጩ ግራና ቀኝ የተሰበረ ሰው ምላሱ ወደ ኋላ ወድቆ ትንፋሹን ሊዘጋው ይችላል። እንዲህ ያለውን በጀርባው ቃሬዛ ላይ ማንጋለል መግደል ነው፤ ወደ ፊት ዘንበል ብሎ ይቀመጥ፣ ካልቻለም በጎኑ ይተኛ።

ወጌሻን አንንቅም፤ ስንት እጅና እግር አቅንቷል። መንጋጭላ ግን የሚለካው በጥርስ አገጣጠም ነው፤ በጣት ዳሰሳ አይገኝም። አንዲት ሚሊ ሜትር ብትዛነፍ እንጀራ ሲያላምጡ ይታወቃል። ማሸቱ ደግሞ የተቀደደውን ድድ ይብሱን ይከፍተዋል።

የመንገዱ ነገር አሁንም አላለቀም። በ2013 ክረምት ጦርነቱ ላሊበላ ገባ፤ የሰሜን ወሎ የጤና ተቋማት ተዘረፉ። ከ2015 ማብቂያ ጀምሮ ደግሞ በአዲሱ ግጭት የጋሸና መንገድ ሲዘጋና ሲከፈት ቆይቷል። በእንዲህ ያለ ጊዜ የተሰበረ መንጋጭላ መንገድ እስኪከፈት ስድስት ሳምንት ቢቆይ፣ የሚቀበለው ሐኪም መጀመሪያ የሚሠራው ሥራ የገጠመውን አጥንት እንደገና መስበር ነው።