ከኮፋኖው ሥር እስከ ጀርባው ቤት

እ.ኤ.አ. በ1910ዎቹ መጀመሪያ የካዲላክ ኩባንያ መሪ ሄንሪ ሊላንድ ለቻርልስ ኬተሪንግ የሰጠው ሥራ ብዙ መሐንዲሶች አይሆንም ያሉት ነበር። በዚያ ዘመን የመኪና ሞተር የሚነሳው ከፊት ለፊት በሚሰካ ብረት በክንድ ጉልበት እየተዞረ ነው። ሞተሩ ድንገት ወደ ኋላ ከመታ ብረቱ የሰው ክንድ ይሰብራል፣ ከዚያ የከፋ አደጋም ያደርሳል። ሊላንድ የፈለገው ሞተሩን በኤሌክትሪክ የሚያስነሳ መሣሪያ ነበር። ሌሎቹ ያቀረቡት ክርክር ሞተሩን ለማዞር የሚበቃ የኤሌክትሪክ ማሽን የሞተሩን ያህል ገዝፎ መኪናው ላይ አይጫንም የሚል ነው። ኬተሪንግ ግን ቀደም ሲል በዴይተን ከተማ በሚገኝ የገንዘብ መመዝገቢያ ማሽን ፋብሪካ ሲሠራ አንድ ነገር ተምሯል፦ ትንሽ የኤሌክትሪክ ሞተር ለጥቂት ሰኮንድ ብቻ ከሆነ ከአቅሙ በላይ ቢጫንበትም ይችለዋል።

በ1912ቱ ካዲላክ ላይ የተገጠመው የኬተሪንግ ማሽን ሁለት ሥራ ነበረው። ሲያስነሳ ባትሪዎቹ ተከታትለው ተገናኝተው 24 ቮልት ይሰጡታል። ሞተሩ ከተነሳ በኋላ ደግሞ ራሱ በሞተሩ እየተሽከረከረ ባትሪዎቹን በ6 ቮልት መልሶ ይሞላል። የመኪና ዲናሞ የሥራ ልኩ ያን ጊዜ ተወሰነ፤ የተበደረውን ይመልሳል፣ መብራቱን ያበራል፣ በቃ።

ብድሩ ምን ያህል ትንሽ እንደሆነ ለማየት አጭር ስሌት ይበቃል። አንድ ሞተር 200 አምፒር እየሳበ በሁለት ሰኮንድ ቢነሳ ከባትሪው የወጣው አንድ አሥረኛ አምፒር-ሰዓት ገደማ ነው። ዲናሞው ይህን መኪናው ከሰፈር ሳይወጣ ይተካዋል። በፒክአፕ ጀርባ ላይ በሚጫነው ቤት፣ በካምፐር ውስጥ፣ የሚያድር ሰው ፍላጎት ግን ሌላ ነው። ሰባት አምፒር የሚበላ የማሞቂያ ማራገቢያ ስምንት ሰዓት በሚፈጅ ሌሊት ውስጥ ግማሹን ጊዜ ቢዞር 28 አምፒር-ሰዓት ይጨርሳል። ይህ የአንድ ማስነሻ ከ250 ጊዜ በላይ እጥፍ ነው። ኬተሪንግ ይህን ሸክም በማሽኑ ላይ አላሰበም፤ ሊያስብበትም ምክንያት አልነበረውም።

እሱ ለቤት ያሰበው ሌላ መሣሪያ ነበር። በ1916 ዴልኮ-ላይት የተባለ፣ በነዳጅ ሞተር የሚዞርና የባትሪ ረድፍ የሚሞላ የ32 ቮልት ማመንጫ ለገበሬዎች ቀረበ። ቢሆንም ሁሉም ገበሬ አቅሙ አልፈቀደለትም። በ1930ዎቹ መጀመሪያ ከአሜሪካ የእርሻ ቤቶች የኤሌክትሪክ መስመር የገባላቸው ከአሥሩ አንዱ ያህል ብቻ ነበሩ። ብዙዎቹ ሬዲዮ የሚሰሙት በመኪና ባትሪ ነው። የመኪናውን ባትሪ ፈትተው ወደ ሳሎን የሚያስገቡ ነበሩ፤ ማታ ዜናውንና ዘፈኑን ይሰሙና ጠዋት መልሰው አስረው ገበያ ሲሄዱ በመንገድ ይሞሉታል። የቤት ባትሪን በመኪና ሞተር የመሙላት ልማድ ከካምፐሩ በፊት በእነዚህ ሰዎች እጅ ተጀምሯል ማለት ይቻላል። የጎደላቸው ባትሪውን ሳያነሱና ሳያስቀምጡ የሚያገናኝ ሽቦ ነበር።

ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ በፒክአፕ ላይ የሚጫኑ ቤቶች በአሜሪካ በተለይም በምዕራቡ በኩል በረከቱ። ከእነዚህ ሁሉ ስሙ የታወቀው የጆን ስታይንቤክ ነው። ደራሲው በመስከረም 1960 ከኒውዮርክ ግዛት ሳግ ሃርበር ተነስቶ ውሻውን ቻርሊን ይዞ አገሩን የዞረው በጂኤምሲ ፒክአፕ ላይ በተጫነ ካምፐር ነው። መኪናውን በዶን ኪኾቴ ፈረስ ስም ሮሲናንቴ ብሎ ጠራው፤ ዛሬም በካሊፎርኒያ ሳሊናስ በሚገኘው በስሙ በተሰየመ ሙዚየም ውስጥ ይታያል። በዚያ ዘመን የካምፐር ኑሮ በአብዛኛው በጋዝ ላይ የተመሠረተ ነበር። ምድጃው በጋዝ ነው፤ ማቀዝቀዣውም ቢሆን ሁለቱ ስዊድናውያን፣ ባልትሳር ፎን ፕላተንና ካርል ሙንተርስ፣ ገና ተማሪ ሳሉ በ1922 የፈለሰፉትን ዘዴ ተከትሎ በእሳት ሙቀት ይሠራ ነበር። ለኤሌክትሪክ የቀረለት ሥራ ጥቂት አምፖል ማብራት ነበር።

ደግነቱ በዚያው ሰሞን ዲናሞው ራሱ ተለወጠ።

አሮጌው ዲናሞ ሦስት ድካም ነበረበት። የሚያመነጨው ኃይል ሁሉ በሚሽከረከረው ክፍል ውስጥ ተፈጥሮ በካርቦን ብሩሽ በኩል ይወጣል፤ ስለዚህ ብሩሹ ይበላል፣ ይፈነጥቃል። ብዙ ፍጥነት አይችልም። ከሁሉ የሚብሰው ደግሞ ሞተሩ በሚኒሞ ሲሠራ ምንም አለመስጠቱ ነው፤ ባትሪው ወደ ዲናሞው መልሶ እንዳይፈስ የሚቆርጥ ሪሌ ይገጠምለት ነበር። አልተርኔተር ይህን ገለበጠው። የሚሽከረከረው ማግኔቱ ብቻ ስለሆነ በብሩሹ የሚያልፈው ጥቂት አምፒር ነው፤ ዋናው ኃይል ከማይንቀሳቀሰው ጥቅል በቀጥታ ይወጣል። ችግሩ ከዚያ የሚወጣው ተለዋዋጭ ኤሌክትሪክ መሆኑ ነበር፤ ባትሪ ደግሞ ቀጥታ እንጂ ተለዋዋጭ አይቀበልም። ሊስ-ኔቪል የተባለው የክሊቭላንድ ኩባንያ ከጦርነቱ በኋላ ለአውቶቡሶችና ብዙ መብራትና ሬዲዮ ለሚሸከሙ የፖሊስ መኪኖች አልተርኔተር ሲያቀርብ ተለዋዋጩን የሚያቀናው ከሴሊኒየም በተሠሩ ሰፋፊ ሳህኖች ነበር። ለተራ መኪና ይህ ውድም ግዙፍም ነው። ከጣት ጥፍር የማይበልጥ የሲሊኮን ዳዮድ በርካሽ መመረት ሲጀምር ግን በሩ ተከፈተ። ክራይስለር በ1960 ሞዴል ቫሊያንት ላይ አልተርኔተር ገጠመ፤ ጄኔራል ሞተርስ በ1963 ዴልኮትሮን ብሎ ተከተለው። ከጥቂት ዓመታት በኋላ በአሜሪካ አዲስ መኪና ላይ ዲናሞ ማግኘት ብርቅ ሆነ።

የፒክአፕ አምራቾችም ገበያውን አዩት። ፎርድ በ1960ዎቹ አጋማሽ ካምፐር ስፔሻል ያለውን ፒክአፕ ጠንከር ካለ ባሌስትራ ጋር ሲያቀርብ ከፍ ያለ አልተርኔተርና ባትሪም አብሮ ነበር። ባለ ካምፐሩ አሁን ሁለተኛ ባትሪ ከኋላ አስቀመጠ። ሁለቱን ባትሪዎች ዝም ብሎ ማገናኘት ግን ሌሊቱን የቤቱ መብራት የሞተሩን ባትሪ ጭምር ጠጥቶ ጠዋት ሰውየውን ጫካ ውስጥ እንዲያስቀር መፍቀድ ነው። ስለዚህ መለያያ አስፈለገ።

መለያያው በሁለት መንገድ መጣ። አንደኛው ቁልፉ ሲበራ ሁለቱን ባትሪዎች የሚያገናኝ፣ ሲጠፋ የሚለያይ ትልቅ ሪሌ ነው። ርካሽና ቀላል ነው፤ ነገር ግን ብዙ ሰው ከመለዋወጫ ሱቅ የሞተር ማስነሻ ሪሌ እየገዛ ይገጥም ነበር። ያ ሪሌ የተሠራው ለጥቂት ሰኮንድ ነው፤ ቀኑን ሙሉ ሲያዝ ይግላል፣ ይቃጠላል። ሁለተኛው መንገድ ዳዮድ ነው፤ ወደ እያንዳንዱ ባትሪ ብቻ የሚያሳልፍና ወደ ኋላ የማይመልስ። የሚንቀሳቀስ ነገር ስለሌለው ብዙም አይበላሽም። ዋጋው ግን 0.7 ቮልት ያህል ነው፤ አልተርኔተሩ 14.2 ቮልት ቢሰጥ ባትሪው ዘንድ የሚደርሰው 13.5 ነው። ለሊድ ባትሪ ይህ ልዩነት ቀኑን ሙሉ ተነድቶ እንኳ ባለመሙላትና በመሙላት መካከል ያለ ልዩነት ነው።

የታሪኩ ዋና ነጥብ እዚህ ላይ ነው። ለዓመታት ሰዎች የቤታቸው ባትሪ አልሞላ ሲል ጣታቸውን የቀሰሩት በአልተርኔተሩ ላይ ነበር፤ 60 አምፒሩን አውጥተው 100 አምፒር ይገጥማሉ፣ ለውጡ ግን እምብዛም ነው። ጥፋቱ ያለው መሃል ላይ ነበር። ከፋብሪካ በሚመጣው የተጎታች ሶኬት በኩል ወደ ኋላ የሚሄደው ሽቦ ብዙ ጊዜ አምስት ካሬ ሚሊሜትር ገደማ ውፍረት አለው። የእንዲህ ዓይነት መዳብ የኤሌክትሪክ ተቃውሞ (ሬዚስታንስ) በሜትር 3.4 ሚሊኦም ያህል ነው። ከኮፋኖው ሥር እስከ ካምፐሩ ስምንት ሜትር ቢሆን ደርሶ መልሱ 16 ሜትር ነው፤ 20 አምፒር ሲያልፍበት 1.1 ቮልት መንገድ ላይ ሙቀት ሆኖ ይቀራል። በዚያው ሽቦ ላይ አልተርኔተሩን እጥፍ ማድረግ ምንም አይጨምርም፤ ሽቦውን ወደ 35 ካሬ ሚሊሜትር ማወፈር ግን ብክነቱን ከ0.2 ቮልት በታች ያወርደዋል። ከሺህ ብር አልተርኔተር የመቶ ብር መዳብ የሚበልጥበት ሁኔታ ይህ ነው፤ ይህን አስቀድመው ያወቁ ባለሙያዎች ከማንኛውም ነገር በፊት ቮልቱን የሚለኩት የቤቱ ባትሪ ጫፍ ላይ ነበር።

በዚህ ትምህርት ጀልባ ነጂዎች ከመንገደኞች ቀድመዋል። ባሕር ላይ ሶኬት ስለሌለ ነገሩን በጽኑ መርምረውታል። በ1980ዎቹ መጨረሻ ስለ ባለ 12 ቮልት ኑሮ የተጻፈው የዴቪድ ስሚድና የሩት ኢሺሃራ መጽሐፍና በ1990 የወጣው የናይጀል ካልደር መጽሐፍ ለጀልባ ቢጻፉም በካምፐር ባለቤቶች እጅ ተገላበጡ። መጻሕፍቱ ያስተማሩት የሊድ ባትሪ በደረጃ መሞላት እንዳለበት ነው፦ መጀመሪያ የቻለውን ያህል አምፒር ይቀበላል፣ ከዚያ ቮልቱ 14.4 አካባቢ ተይዞ አምፒሩ እየቀነሰ ይሄዳል፣ በመጨረሻ ወደ 13.5 ዝቅ ይላል። የመጨረሻው አንድ አምስተኛ ሰዓታት ይፈጃል። በሁለት ሰዓት ጉዞ የሚሞላው ሁሌ ሳይጠናቀቅ ይቀራል፤ ባለመሙላት የሰነበተ ባትሪ ደግሞ ሰሌዳው ላይ ሰልፌት ይደርቅበትና ያረጃል። የማስነሻ ባትሪ ቀጭን ሰሌዳ ይህን ኑሮ ስለማይችል፣ ትሮጃን የተባለው የካሊፎርኒያ ኩባንያ በ1950ዎቹ ለጎልፍ ጋሪ የሠራቸው ወፍራም ሰሌዳ ያላቸው ባለ 6 ቮልት ባትሪዎች ወደ ካምፐሮቹ ገቡ። ሁለቱን አከታትሎ 12 ቮልት ማድረግ እስከ ዛሬ አልቀረም።

ዛሬ በአሜሪካ አውራ ጎዳናዎች ላይ የረጅም ርቀት ጭነት የሚያሽከረክሩ ብዙ ኢትዮጵያውያን ከወንበራቸው ጀርባ አልጋ፣ ማቀዝቀዣና የስልክ ቻርጀር ይዘው ያድራሉ። ሞተር ጠፍቶ ሌሊቱን ማሳለፍ፣ ጠዋት ደግሞ ያለ ችግር ማስነሳት፣ ለእነሱም የየዕለት ጉዳይ ነው።

ከ2000ዎቹ አጋማሽ ወዲህ ነገሩ እንደገና ተወሳሰበ። ነዳጅ ለመቆጠብ የተሠሩ አዳዲስ አልተርኔተሮች በኮምፒውተር ይታዘዛሉ፤ መኪናው በእኩል ፍጥነት ሲጓዝ ወደ 12.5 ቮልት ወርደው ፍሬን ሲያዝ ወደ 15 ይወጣሉ። ሪሌም ዳዮድም በዚህ ላይ አቅም የላቸውም። በተመሳሳይ ጊዜ ከጆን ጉድኢናፍ የቴክሳስ ቤተ ሙከራ በ1990ዎቹ የወጣው የሊቲየም ብረት ፎስፌት ባትሪ ተስፋፋ። እሱ ደግሞ ችግሩን ገልብጦ ያመጣል፦ መቀበል የሚችለው ብዙ ስለሆነ አልተርኔተሩ ራሱን የሚያቀዘቅዝበት ፍጥነት በሌለበት በሚኒሞ ሲሠራ አቅሙን ሁሉ ስቦ ሊያቃጥለው ይችላል። መፍትሔው በመካከል የሚቀመጥ፣ የሚመጣውን ቮልት ዝቅም ከፍም አድርጎ ባትሪው በሚፈልገው ደረጃ የሚያቀርብ፣ የሚስበውንም አምፒር የሚገድብ ቻርጀር ሆነ። በ1979 በአውስትራሊያ አዴሌድ የተመሠረተው ሬዳርክ ከቀደሙት አምራቾች አንዱ ነው። 30 አምፒር የሚሰጥ ቻርጀር በሁለት ሰዓት ጉዞ 60 አምፒር-ሰዓት ያህል ያስገባል፤ የሽቦው ብክነትም ቻርጀሩ ከባትሪው አጠገብ ሲሆን ይካካሳል።

በኤሌክትሪክ ፒክአፖች ላይ ደግሞ አልተርኔተር የሚባል ነገር የለም። በ2022 የወጣው የፎርድ ኤፍ-150 ላይትኒንግ ባለ 12 ቮልቱን ባትሪ ከዋናው ባትሪ በኤሌክትሮኒክስ ይሞላል፤ በመኪናው ላይ የተገጠሙ ሶኬቶችም ስላሉት እስከ 9.6 ኪሎዋት ድረስ ለቤት ዕቃ መስጠት ይችላል። በ2023 መጨረሻ ለደንበኞች መድረስ የጀመረው የቴስላ ሳይበርትራክ ደግሞ የአነስተኛ ቮልት መስመሩን ከ12 ወደ 48 ቮልት አሳድጓል። ለአንድ ዓይነት ኃይል በ48 ቮልት የሚያስፈልገው አምፒር ሩብ ስለሆነ፣ በዚያው ሽቦ ላይ በሙቀት የሚባክነው ኃይል አንድ አሥራ ስድስተኛ ብቻ ይሆናል።